በጎንደር ሰማይ የተገለበጡት አውሮፕላኖችና የኛ ደም ብዛት
(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ጤና አንድ ነገር በል፤ ግን አታስረዝም፣ ምሳ አለ» ብለውኛል። ምሳውን እኔም አልጠላውም። ደግሞስ ግማሹ ታዳሚ ሐኪም፣ ጤና መኮንን ወይም ነርስ በሆነበት አዳራሽ ስለ ደም ብዛት ማውራት ለቀባሪው ማርዳት አይሆንም ወይ? እኔ ግን ለዓመታት የበረራ ሠራተኞችን ጤና ስመረምር የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ሥራ የተማርኩትን ለናንተ ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

ርእሱን የሰጠኝ አንድ የባች ጓደኛችን ነው። የሚኖረው ውጭ አገር ነው፤ በትርፍ ጊዜው ትንሽ አውሮፕላን ያበራል። ባለፈው ደወለልኝና አክሮባት በረራ ልማር ነው አለኝ። አውሮፕላን መገልበጥ፣ በአየር ላይ ቀለበት መሥራት፣ መሽከርከር ማለት ነው። «የደም ብዛት ኪኒን ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ግፊቴም ተስተካክሏል። ይከለክለኛል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል፤ ጥያቄውን ግን ለሁላችሁም እንዳቀርበው ፈቅዷል። መልሱ ለአብራሪ ብቻ ሳይሆን መሬት ላይ ለምንሄደውም የሚሆን ነው።

አክሮባት በረራ ሲባል ከኛ የራቀ ነገር ይመስለናል። ከዚህ ከተማ ሰማይ ጋር ግን የቆየ ትውውቅ አለው። በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ ጎንደር ነበረች፤ ከተማዋ ነጻ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 14 ቀን፣ ከዚህ የተነሣ አንድ የጣሊያን ፊያት ሲአር 42 ከደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግላዲየተር ጋር ገጠመ። ጣሊያናዊው አብራሪ ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ ተመትቶ ወደቀ፣ ሞተም። በዘመቻው በአየር ላይ የተደረገ የመጨረሻው ውጊያ ይኸው ነበር። ደቡብ አፍሪካውያኑ ስለ ጀግንነቱ የሚመሰክር ማስታወሻ ከአየር እንደጣሉለት ይነገራል።

ሁለቱም አውሮፕላኖች ባለ ድርብ ክንፍ ነበሩ፤ የተሠሩትም በጠባብ ቦታ ቶሎ እንዲጠማዘዙ ነው። አብራሪዎቹ ሰውነታቸውን የሚያግዝ ልዩ ልብስ አልነበራቸውም። እግርንና ሆድን የሚያጠብቀውን የመጀመሪያ ልብስ ካናዳዊው ዊልበር ፍራንክስ ሠርቶት ለውጊያ የዋለው ከዚያ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያች ቀን እዚህ ሰማይ ላይ ሁለቱን ሰዎች ከመሳት የጠበቃቸው የገዛ ልባቸውና የገዛ ደም ሥራቸው ብቻ ነበር።

እንዴት? ቀላል ሒሳብ እንሥራ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠን የምንሸከመው የመሬት ስበት አንድ ጂ ይባላል። አብራሪ መሪውን ወደ ሆዱ ስቦ በኃይል ሲጠማዘዝ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ጂ ይደርሳል። በአራት ጂ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 280 ኪሎ ይሆናል። እጁን ከጭኑ ማንሣት ያቅተዋል፤ ጉንጩ ወደ ታች ይጎተታል። ደሙም እንደዚያው ይከብዳል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ከልብ እስከ ዐይን ያለው ከፍታ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያንን የደም ዓምድ ለመግፋት በአንድ ጂ 23 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ይጠፋል። አማካይ ግፊቱ ልቡ ላይ 93 የሆነ ጤነኛ ሰው ተቀምጦ ሳለ ዐይኑ ጋ የሚደርሰው 70 ነው። በሦስት ጂ 24 ብቻ ይቀረዋል። በአራት ጂ ደግሞ 92ቱ በመንገድ ያልቅና አንድ ይቀራል፤ ምንም ማለት ነው። የቤታችሁን ሮቶ አስቡት። ግፊቱ ሲደክም ምድር ቤት ያለው ቧንቧ ይፈሳል፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ግን ይደርቃል። በሰውነታችን ሦስተኛው ፎቅ ዐይንና አንጎል ናቸው።

ዐይን የራሱ የውስጥ ግፊት ስላለው ከአንጎል ቀድሞ ይደርቃል። አብራሪው መጀመሪያ ቀለም ይጠፋበታል፤ ሁሉ ነገር አመድማ ይሆናል። ቀጥሎ ዳር ዳሩ ጨልሞ በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ይሆናል። ከዚያ ጭራሽ ይጨልማል፤ ሰውየው ግን ገና አልሳተም፤ ይሰማል፣ ያስባል። አሁንም መሪውን ካልለቀቀ ይስታል። ሲነቃም የት እንዳለ ለማወቅ ብዙ ሴኮንዶች ይፈጅበታል። አውሮፕላኑ ደግሞ አይጠብቀውም።

ፈጣሪ ለዚህ ዘብ አቁሞልናል። አንገታችን ላይ ባሉት ትልልቅ ደም ቅዳዎች ግፊትን የሚለኩ ባሮሪሰፕተሮች አሉ። ግፊት ሲወርድ ልብ እንዲፈጥን፣ ደም ሥሮችም እንዲጠብቡ ያዛሉ። ከአልጋ ተነሥተን ስንቆም የማንወድቀው በነሱ ነው። ግን ሥራቸውን እስኪጨርሱ ከስድስት እስከ አሥር ሴኮንድ ይወስዳሉ፤ አንጎል ያለ ደም የሚቆየው ደግሞ አምስት ሴኮንድ ያህል ነው። አብራሪው ቀስ ብሎ ከሳበ ዘቡ ይደርስለታል። ድንገት ከሳበ ግን አይደርስለትም።

ከዚህም የባሰ አለ። አውሮፕላን ተገልብጦ ሲበር ደም ወደ ራስ ይሄዳል። ባሮሪሰፕተሮቹ «ግፊት በዛ» ብለው ልብን ያዘገያሉ፣ ደም ሥሮችን ያላላሉ። አብራሪው በዚያው ቅጽበት ተመልሶ መሪውን ከሳበ ዘቡ በተሳሳተ አቅጣጫ ተሰልፎ ይገኛል። በሌላ ጊዜ አራት ጂ የሚችል ሰው በሦስት ይስታል። ልምድ ያላቸው አብራሪዎች የሞቱት በዚህም ጭምር ነው።

ስለዚህ ሰውነትን ማሠልጠን ግድ ነው። ቢሾፍቱ የአየር ኃይላችን በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት በስዊድን ሳፊር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በጄት እስከሚበሩት ድረስ፣ የጦር አብራሪ ሥልጠና ያለ አክሮባት በረራ የለም። አብራሪው እግሩን፣ መቀመጫውንና ሆዱን አጥብቆ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በየሦስት ሴኮንዱ ቶሎ እየለወጠ ይታገላል። ከባድ ጆንያ ከመሬት እንደሚያነሣ ሰው ማለት ነው። በዚያች ሰዓት የላይኛው ግፊት ከ200 ያልፋል። ልብሱ አንድ ጂ ተኩል ገደማ ቢያግዘው ነው፤ ሌላው የራሱ ጡንቻ ነው።

ታዲያ አንዳንዱ «እንግዲያው ደም ብዛት ያለበት ሰው ይሻላላ! ግፊቱ ከመጀመሪያውም ከፍ ያለ ነው» ይላል። ጓደኛችንም በቀልድ እንዲህ ብሎኛል። ሒሳቡ ላይ ላዩን ልክ ይመስላል። ግን ለዓመታት በግፊት የተመታ ደም ሥር ይደርቃል፣ እንደ ልብ አይለጠጥም። ባሮሪሰፕተሩም ከፍተኛውን ግፊት ይለምድና ይደነዝዛል። የልብ ግድግዳ ይወፍራል። በዚህ ላይ ትግሉ ግፊቱን ወደ 200 እና ከዚያ በላይ ሲወረውረው የሚበጠሰው የዐይን ወይም የአንጎል ደም ሥር ሊሆን ይችላል። ከፍ ያለ ግፊት ጥሩ ሞተር ማለት አይደለም፤ ያረጀ ቧንቧ ላይ የተገጠመ ኃይለኛ ፓምፕ ነው።

አሁን ወደ ኪኒኑ። «ምንድን ነው የምትወስደው?» አልኩት። «አቴኖሎልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ» አለኝ። ሁለቱንም በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። ለብዙ ሰው ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ለሱ ሐሳብ ግን አይስማሙም። አቴኖሎል ልብን ያዘገያል፤ ዘቡ «ፍጠን» ሲላት ልቡ አትሰማም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውኃ ያስወጣል፤ በሞቃት ኮክፒት ውስጥ በላብ ላይ ሲጨመር በደም ሥር ያለው ፈሳሽ ያንሳል። አልፋ ብሎከር የሚባሉት ደግሞ ደም ሥሩ እንዳይጠብ ስለሚያደርጉ ከሁሉ ይከፋሉ። እንደ አምሎዲፒን ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያሉት በብዛት ለበረራ ይፈቀዳሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ሰውየው ለምዷቸው፣ የጎን ጉዳታቸው ታይቶ ነው።

«እሺ፣ የበረራ ቀን ብቻ ኪኒኑን ብተወውስ?» አለኝ። ይህችን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻታለሁ፤ ከሁሉም የምታስፈራኝ እሷ ናት። አቴኖሎልን ድንገት ማቆም ግፊቱንም የልብ ምቱንም መልሶ ያስነሣል፤ የልብ ሕመም የተደበቀበት ሰው ከሆነ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ «ከሐኪምህና ከአቪዬሽን መርማሪህ ሳትነጋገር አንዲትም ቀን እንዳትዘል» አልኩት። ደግነቱ ሰማኝ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀይሮለታል። አሁን ግፊቱ በአዲሱ መድኃኒት መርጋቱ እየታየ፣ ልቡና ኩላሊቱ እየተመረመረ፣ መሬት ላይ ሆኖ እየጠበቀ ነው። መጠበቁ አልጣመውም፤ አልፈርድበትም።

የመርማሪዎቹን ሕግ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአብራሪ የደም ግፊት በጤናማው ክልል ውስጥ እንዲሆን ያዛል፤ መድኃኒትም ከበረራ ጋር የሚስማማው ብቻ ይፈቀዳል። አውሮፓ ሁልጊዜ ከ160 በ95 በላይ የሚገኝን ሰው አያበርም፤ አሜሪካ 155 በ95 ይላል። ልብ በሉ፤ ሕጉ መድኃኒት የሚወስድን አይደለም የሚከለክለው። ያልታከመን ነው የሚከለክለው።

ይህ እየታወቀ ግን የሚደብቅ አለ። አብራሪው ፈቃዱን ካጣ እንጀራውን ያጣል። ከምርመራ በፊት ቡናውን ትቶ፣ ሌሊቱን ተኝቶ፣ የሰው ኪኒን ተበድሮ ውጦ የሚመጣ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው ሌባ ብሎ ማባረር ቀላል ነው። እኔ ያየሁት ግን የሚደብቅ ሰው ከሁሉ በላይ የፈራ ሰው መሆኑን ነው። «በጊዜ ብትነግረኝ ታክመህ ትመለሳለህ» ስንለው የሚናገረው ይበዛል። እናንተም ታካሚዎቻችሁን፣ ባልደረቦቻችሁን በዚህ መንገድ ብትይዙ መልካም ነው።

አሁን ከሰማይ ልውረድና ስለኛ ልናገር።

ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም. ሲቆም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ከዚያ በፊት ደንቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፤ «መጣሁ» ብሎ ይመጣል። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሱና ሳኒታሪያኑ አንድ ላይ ሆነው ገጠር የወረዱት የሚታይ ጠላት ይዘው ነው። ደም ብዛት ግን አያንቀጠቅጥም። ራስ ምታትም ላያመጣ ይችላል። አብራሪን በአምስት ሴኮንድ የሚያጨልመው የግፊት ጉዳይ እኛን በሃያ ዓመት ያጨልመናል፤ መሐል ላይ ምንም አይሰማንም። ልዩነቱ አብራሪው በግድ መለካቱ ነው።

«እኛ ደገኞች ነን፤ ደማችን የተፈተነ ነው» የሚል ቢኖር ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ስሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም በባሕር ጠለል እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ። ዓለም ተገርሟል፤ እኛም ልንኮራ ይገባል። የበለጠ የሚያስቅም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው ድሪምላይነር 12 ሺህ ሜትር ላይ ሲበር በውስጡ ያለው አየር ከ1,830 ሜትር ገደማ ከፍታ አየር አይሳሳም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እንግዲህ የጎንደር ሰው በደመና ላይ ሲበር እንኳ ከቤቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚተነፍሰው!

ግን ኦክስጅን መቻል ሌላ፣ ደም ብዛት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የዩኒቨርሲቲያችን ተመራማሪዎች ጥናት በዚችው በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል 28.3 በመቶዎቹ ደም ብዛት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከነዚያ ውስጥ ከሦስት አንድ በላይ የሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከ35 በታች የሆነ እጁን ያውጣ ብል የሚያወጣ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ጥናቱ ስለኛ ነው።

ከባሕር ጠለል አገር ለመጣችሁ ለብቻ የምለው አለኝ። ከጉባኤው በኋላ ወደ ስሜን ለመውጣት ያሰባችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር፣ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ደጋውን የለቀቀ ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የኦክስጅን ማነስን ሲያይ ልብን ያፈጥናል፣ ደም ሥርን ያጠብባል፤ ግፊትም ከፍ ይላል። ተወልጄ ያደግኩበት ነው ማለት አያድንም፤ ሰውነት የልደት የምስክር ወረቀት አያነብም። ጎንደር አንድ ሁለት ቀን ዕረፉ፣ ደባርቅ እደሩ፣ ግፊታችሁን ተለኩ፣ ኪኒናችሁን በእጅ ቦርሳችሁ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ግፊቱ ገና ያልተስተካከለለት ሰው ግን ተራራው አይሸሽም፤ ለሌላ ዓመት ያቆየው።

ስለ ጾምም አንድ ቃል። ብዙ ሰው በጾም ወራት ኪኒኑን ይተወዋል፤ ጠበል ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ይጥለዋል። በቀን አንዴ የሚወሰድን መድኃኒት ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ወደሚበላበት ሰዓት ማዛወር ይቻላል። እምነቱንና ኪኒኑን ማጣላት የለብንም። እናቶቻችንን «ጾሙን ተዪ» ካልናቸው ኪኒኑን ነው የሚተዉት። «እማማ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ስትበሉ ዋጡት» ካልናቸው ይሰሙናል። ጨዉንም እንደዚሁ ነው። በየገጠሩ ቡና በጨው ለሚጠጣ ሰው «ጨው ቀንስ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ሲኒዋን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ከአብራሪዎች ሦስት ልማድ ብንበደር እላለሁ።

አንደኛ፣ ሳይሰማን መለካት። አብራሪ ሞተሩ ስላልጮኸ ብቻ ዘይቱን ሳያይ አይነሣም። ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ አርባን ያለፍን ደግሞ ከዚያ በበለጠ፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጠን፣ ክንዳችንን አሳርፈን እንለካ። ለሌላው ስንለካ የዋልን ሰዎች ለራሳችን ሳንለካ ዓመት ማለፉ ያሳፍራል።

ሁለተኛ፣ ያገኘነውን አለመደበቅ። ለሐኪማችን፣ ለትዳር ጓደኛችን፣ አብሮን ለሚሠራው እንንገር። መድኃኒት መውሰድ ድክመት አይደለም። የሚያስቀረን መድኃኒቱ ሳይሆን ያልታከመው በሽታ ነው።

ሦስተኛ፣ አዲስ ነገር ከመጀመራችን በፊት መጠየቅ። ተራራ መውጣት፣ ከባድ ስፖርት፣ ረጅም ጾም፣ ወይም እንደ ጓደኛችን አውሮፕላን መገልበጥ ሊሆን ይችላል። «የምወስደው ኪኒን ከዚህ ጋር ይስማማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

በዚህ አዳራሽ መግቢያ ላይ ከነርሲንግ የመጡ ወጣት ተማሪዎች መለኪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ምሳው ከመቅረቡ በፊት ክንዳችሁን እንድትሰጧቸው እለምናለሁ። ፕሮፌሰርም ሆነ ሐኪም ሰልፍ የሚዘልል እንዳይኖር፤ በተማሪነታችን ያስለመዱንም ይህንኑ ነው።

ከዓመት ዓመት በጤና ያገናኘን።